ፋንታዬ ልጇን አልሰጠችም

ደባርቅ ውስጥ «ፋንታዬ ገዱ የቷ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲደርቅና ፈረንጆች የስሜንን ተራራ ለማየት መምጣት ሲጀምሩ፣ በቅሎ ነጂዎች ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ተራ ይይዛሉ። ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ነጠላዋን አሸርጣ፣ የመጫኛውን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ ድንኳንና ድስት በበቅሎ ጀርባ ላይ የምታስር አንዲት ሴት አለች። እሷ ናት። ሌላ ሴት ስለሌለች መሳሳት አይቻልም።

ስለ እሷ የሚወራው ብዙ ነው። የደባርቅ ሰው ወሬ ሲያንሰው ይጨምርበታል እንጂ ዝም አይልም። «ልጇን ለፈረንጅ ሰጥታ ኋላ የቆጫት ናት» የሚል አለ። «ሸጣት ነው» የሚልም አልጠፋም፤ እሱን ምላሱን ይቁረጠው። እውነቱ ግን እንዲህ ነው።

ፋንታዬ የተወለደችውም የተዳረችውም አምባራስ ነው፤ ከገብስ በቀር ሌላ እህል እምብዛም የማይሆንበት ብርዳም ደጋ። ባሏ ዝናቡ ደህና አራሽ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራ ወርዶ በወባ ተመትቶ ተመለሰና ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ሐዘኑ ሳይወጣላት ደግሞ በረዶ ወረደና ለአጨዳ የደረሰውን ገብስ ከአፈር ደባለቀው። ፋንታዬ ከአንድ በሬና ከአንዲት ልጅ ጋር ቀረች። ልጅቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ አራት ዓመት ሊሆናት ነበር፤ ወሬኛ፣ ሳቂታ፣ ከሰው ጭን የማትወርድ።

ቴዎፍሎስ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ዳባት ተወልዶ ጎንደር የከረመ፣ ጫማውን ጭቃ የማይነካው፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነበር። ዛሬ ስሙን እንኳ የሚያስታውሰው በሌለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም በየመንደሩ እየዞረ አባት የሞተባቸውን ልጆች ያፈላልግ ነበር።

«እህቴ ፋንታዬ» አላት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብሎ፤ «ልጅሽን እንደ ልጁ የሚያሳድግ የፈረንጅ ቤተሰብ አለ። ያስተምራታል። አንችም ዘመድ ታገኛለሽ።»

«ትመጣለች?»

«ለምን አትመጣም? በየበዓሉ!»

ፋንታዬ ይህን ስትሰማ የገባት ሌላ ነገር ነው፤ ስህተቷም እዚህ ላይ ነው። ማንም ግን እንዳይስቅባት።

በአገሩ የጡት ልጅ የሚባል ነገር አለ። የራሷ አባት ገዱ የጡት ልጅ ነበር። ልጅ ያልወለዱ አንድ የጃናሞራ ባለጠጋ ገዱን በሕፃንነቱ ወደዱት። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እናትና አባቱ በሰው ፊት «ፈቅደናል» አሉ፤ ባለጠጋው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ልጁ እንዲጠባው ሰጡት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ገዱ የሁለት ቤት ልጅ ሆነ። እርሻው ጃናሞራ፣ እንቁጣጣሹና ፋሲካው እናቱ ቤት። ሁለቱ ቤተሰቦች በሰርግም በለቅሶም አይለያዩም ነበር። ገዱ ሸምግሎ እንኳ «ሁለት አባት ቀብሮ ሁለት ጊዜ ያለቀሰ» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። የጡት ልጅ ማለት ይህ ነው። ዘመድ ይጨመራል እንጂ ልጅ አይቀነስም።

ስለዚህ ፋንታዬ ቴዎፍሎስን የጠየቀችው በልማዱ የሚጠየቀውን ነው።

«ሽማግሌ የሚሆነው ማን ነው?»

«ጎንደር አሉ።»

«ማሩስ?»

ቴዎፍሎስ ትንሽ ግራ ገባውና ሳቀ። «ካለሽማ ያዥ!» አላት።

ያዘች። ከአጎቷ ቀፎ የተቆረጠ ነጭ ማር በቅል ሞልታ፣ አፉን በጨርቅ አስራ፣ ማንጠግቦሽን አዝላ ደባርቅ ድረስ በእግሯ ወረደች፤ ከደባርቅ በአውቶቡስ ሄደች። ዳባት ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሻይ ሲጠጣ ልጅቱ የቅሉን አፍ እየነካካች «እማ፣ ትንሽ ብቻ» አለች። «የአንችው ነው፤ ግን ነገ» አለቻት። ይህን ቃል ፋንታዬ እስከ ዛሬ ስታስታውሰው አንጀቷን ያቃጥላታል። ምን ነበረበት፣ አንድ ጊዜ ጣቷን ነክራ ብታቀምሳት?

ጎንደር ባለው የድርጅቱ ቢሮ አንድ ሰው የፋንታዬን አውራ ጣት ይዞ ቀለም አስነከረና ወረቀት ላይ ተጫነው። ፋንታዬ ምንም አልደነቃትም። እንዲያውም ደስ አላት። አውራ ጣት ከሆነማ ነገሩ ተጀምሯል፤ በከተማ ደንብ መጀመሪያ ቀለሙ ነው፣ ቀጥሎ ማሩ፣ ብላ አሰበች። ከዚያ አንዲት ሴት የማንጠግቦሽን እጅ ይዛ «ሐኪም ያያታል» ብላ በውስጥ በር አስገባቻት። ልጅቱ ዘወር ብላ ለእናቷ ሳቀችላት። ፋንታዬ ቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ አሳዳጊዋ ፈረንጅ እስክትመጣ መጠበቅ ጀመረች። ረፋዱ አለፈ፤ ቀትሩም አለፈ። ቴዎፍሎስ ብቅ አለና «ዕቃሽን አምጭ፤ እኔ አደርስልሻለሁ» ብሎ ማሩን ተቀብሏት ገባ። ቢሮው ሲዘጋ ዘበኛው ነው «እናት፣ ሁሉም እኮ በጓሮ በር ወጥተው ሄደዋል» ያላት።

ያ ማር እሬት ይሁንበት።

እሷ ግን ገና አልተጠራጠረችም። ፈረንጅ ቸኩሎ ይሆናል፤ ሽማግሌውም ሌላ ቀን ይቀመጣል አለች። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ቤቷን በአዲስ ጭቃ መርጋ፣ ለልጇ ቀሚስ አሰፍታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ገናም ሆነ፤ ማንም አልመጣም። የፋሲካ ለት ዶሮዋን ለጎረቤት ልጆች አብልታ በማግስቱ ጎንደር ወረደች። ቢሮው የቀለም መሸጫ ሆኗል። ባለሱቁ ስለ ድርጅቱም ስለ ቴዎፍሎስም የሚያውቀው ነገር የለም። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነው ሰውየው አዲስ አበባ ገባ፣ ልጆቹ ደግሞ በአውሮፕላን ሄዱ ብሎ የነገራት።

አምባራስ ስትመለስ ሰው ሊያጽናናት መጣ፤ አንዳንዱ ማጽናናት አያውቅበትም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጣትሽን አኑረሻል፣ ተይው» አሏት። የነፍስ አባቷ ደግ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ሐዘኗን ለማቅለል ብለው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ያላትን የሰጠች ዋጋዋ በሰማይ ነው። እንደ ሰጠሻት ቁጠሪው።»

«አባ፣ ሰጥቻት ቢሆን ጽድቁን እወስድ ነበር። የተወሰደችብኝ ናት። በተወሰደብኝ እንዴት እጸድቃለሁ?»

ቄሱ አቀርቅረው መስቀላቸውን አሳለሟትና ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሰጠሻት ልጅ» የሚል ሰው ፋንታዬ ፊት ቃሉን ሳያርም አያልፍም። ልጇ በሕይወት መኖሯን አልተጠራጠረችም፤ እንደማትራብም ገምታለች። የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነው፤ ማንጠግቦሽ በሰው አገር «እናቴ ሰጠችኝ» እያለች ማደጓ። ልጅ ረሀቡን ይረሳል፤ መሰጠቱን አይረሳም። ፋንታዬ ይህንን ከልጇ ልብ ሳታወጣ ላትሞት ማለች።

ፍለጋ ግን ከየት ይጀመራል? ፊደል አልቆጠረች፤ አዲስ አበባ ዘመድ የላት። ብዙ ቀን አሰበችበትና እንዲህ አለች፦ ፈረንጅ ተራራ ይወዳል፤ ተራራ የሚወድ ፈረንጅ ስሜን ይመጣል፤ ስሜን የሚመጣ ደባርቅ ላይ በቅሎ ይይዛል። እንግዲያው እኔ ከበቅሎው ዘንድ ልቁም። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ የተሻለ ሐሳብ ያመጣ ግን አልነበረም። በሬዋን ሸጠች፣ ዳማ የምትባል ቀይ በቅሎ ገዛች፣ ቤቷን ዘግታ ደባርቅ ገባች።

የበቅሎ ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበር ገብረ ሚካኤል፣ ድምፃቸው ከገደል ማዶ የሚሰማ ሰው ናቸው። ሜዳው ላይ ዳማን ይዛ ስትቆም አይተው ከሩቅ ጮኹ።

«አንች ሴትዮ! ሴት በቅሎ ጭና ስትነዳ የት ታይቷል?»

«አያ ገብረ ሚካኤል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተራው የማን ነው? የሰው ነው የበቅሎ?»

«የበቅሎ ነው እንጂ! ሁለት በቅሎ ያለው ሁለት ተራ ያገኛል።»

«ታዲያ ዳማ ከማን በቅሎ አንሳ ነው? ተራዋን ይስጧት። እኔማ ተከትያት እሄዳለሁ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ገብረ ሚካኤል ጢማቸውን እያሹ ወደ መዝጋቢዎቹ ዞሩ። «መዝግቧት» አሉ። ኋላ ራሳቸው ቀልድ አድርገውት «በቅሎ መዘገብኩ ስል ሴት መዝግቤ ተገኘሁ» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ባያስገቧት ኖሮ ዛሬ ስማቸው በደግ አይነሳም ነበር።

እንዲህ ሆና ፋንታዬ ዓመታትን በሳንቃ በርና በአምቢኮ መንገድ ላይ አሳለፈች። ውርጩ ፊቷን አጠቆረው፤ መጫኛው እጇን አሻከረው። በክረምት፣ ፈረንጅ በማይመጣበት ጊዜ፣ ለገበያተኛ እህል ትጭናለች። በበጋ ደግሞ እንግዶቹን አድርሳ በመለያያው ቀን አስጎብኚውን ትጠራዋለች። አስጎብኚው ብዙ ጊዜ አገኘሁ የሚባል የደባርቅ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ፣ በመጀመሪያ ግን በእሷ ጥያቄ የሚሸማቀቅ።

«በላቸው» ትለዋለች። «ልጄ ማንጠግቦሽ ትባላለች። በሕፃንነቷ ከጎንደር ወሰዱብኝ። አልሰጠኋትም። አገራችሁ ካለች ይህን ንገሯት።»

እንግዶቹ ጭላዳና ዋልያ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሲሰሙ አንዳንዱ ዐይኑ እንባ ያቀርና እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ያን ጊዜ ፋንታዬ ትቆጣለች። «የድካሜን ተቀብያለሁ በላቸው። አሁን የጠየቅኋቸው ልጄን ነው።» ለልጇ ጉዳይ ከማንም እጅ ምጽዋት ተቀብላ አታውቅም። ይህ ኩራቷ አንዳንድ ነጂዎችን ያናድዳቸው ነበር፤ በእሷ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ ስንቱን ባገኙ!

«ልጅሽ እኮ በድሎት ነው ያደገችው» አላት አንድ ቀን አገኘሁ፤ ሊያጽናናት ብሎ።

«ድሎቷን አልጠላሁም፤ እሰየው። እኔ ላያት ብቻ አይደለም የምፈልጋት። አልሰጠሁሽም የሚለውን ከራሴ አፍ እንድትሰማ ነው። ሰምታ ብትመለስ ትመለስ።»

አገኘሁ ከዚያ በኋላ አልተሸማቀቀም። በ2011 ዓ.ም. ስልኩን አውጥቶ «እትዬ ፋንታዬ፣ እስቲ እዚህች ድንጋይ ላይ ተቀመጭና ለእኔ የምትነግሪኝን ለዚህ ንገሪው፤ ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው» አላት። ተቀመጠች። ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተናገረች።

«ትንሽ ብታለቅሽ ሰው ያዝንልሽ ነበር» አላት ቀረጻውን እያየ።

«እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ እንዲሰሙኝ ነው።»

ያ ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሆላንድ አገር እንዲህ የተለያዩ ቤተሰቦችን የምታገናኝ አንዲት ኢትዮጵያዊት አየችው፤ ማንጠግቦሽ በተወሰደችበት ዓመት ከጎንደር የሄደች ማሪት የምትባል ልጅ ታውቅ ነበር። ፋንታዬ ምራቅ ስጪ ተባለች፤ በምራቅ ዝምድና ይለያል አሏት። «እንትፍ ማለት እንኳ ልጄን ይዘው ከሄዱበት ቀን ጀምሮ ሲያምረኝ ነው የኖረው» አለችና ሰጠች። መልሱ እስኪመጣ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ እሷ በቅሎዋን እየጫነች ወደ አምቢኮ ሄደች። መልሱ መጣ። ማሪት የተባለችው ማንጠግቦሽ ናት።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ መጡ። ማንጠግቦሽ ረጅም፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ወጣት ሆናለች፤ አማርኛው ከአፏ ጠፍቷል። ያሳደገቻት ኢኔካ የምትባል ሽበታም ሴት አብራት ናት። ገብረ ሚካኤል ግቢያቸውን አስጠርገው፣ ዳስ ጥለው፣ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ጠበቁ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ፋንታዬ እንግዶቹ እግር ላይ ትወድቃለች ብለው ደግፈው ሊይዟት ተዘጋጅተው ነበር። አልወደቀችም። ጠዋት በቅሎዋን ገለባ አብልታ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ነው የተቀበለቻቸው። ልጇን አቅፋ ሽታዋን ሳበች። ከዚያ ስንት ዓመት ስታጠናው የኖረችውን ቃል ተናገረች።

«አልሰጠሁሽም።»

አገኘሁ ተረጎመ። ማንጠግቦሽ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። ቃሉን በቪዲዮው ሰምታዋለች። ቃል ደግሞ ማንም ይናገረዋል።

«ጣትሽን ወረቀት ላይ አኑረሻል አሉኝ» አለች ቀስ ብላ፤ አገኘሁ እየተረጎመ። «ለምን አኖርሽ?»

ፋንታዬ ስለ ማሩ ነገረቻት። ስለ አባቷ ስለ ገዱ፣ ስለ ቅሉ፣ ስለ ሽማግሌው። አገኘሁ ላብ እስኪያሰጥመው ተረጎመ። ልጅቱ ግን ማርና ወረቀት ምን እንዳገናኛቸው አልገባትም። ፋንታዬ ይህን ከፊቷ ላይ አየች። ብርድ ያልበገራት ሴት፣ የወንድ ሳቅ ያልበገራት ሴት፣ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ፍለጋው ሁሉ ለዚህች ቃል ነበር፤ ቃሏ ደርሳ አልገባችም።

ኢኔካም የበኩሏን ተናገረች። እናትየው ፈቅዳ ሰጥታለች፣ ዳግመኛም ልታያት አትፈልግም ተብሎ እንደ ተነገራት፣ ያንኑም ለልጅቱ እንዳስተላለፈችላት እያለቀሰች ገለጸች። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ገብረ ሚካኤል ነገር በእርቅ ሲያልቅ ደስ የሚላቸው ሰው ናቸውና ተነሡ።

«ይህችም ሴት ተታላለች፤ ማሳደግ ደግሞ ቀላል አይደለም» አሉ። «ያኔ የጎደለው ሽማግሌና ማር ነበር። ሽማግሌው ይኸው፤ ማሩንም እኔ አመጣለሁ። ዛሬ በደንቡ እንፈጽመውና ልጅቱ የሁለት ቤት ልጅ ትሁን።»

«ደግ ብለዋል!» አለ ዳሱ በሙሉ። ማሩ በጣባ መጣ። አገኘሁ ሲያስረዳት ኢኔካ እንባዋን ጠርጋ፣ ደስ ብሏት፣ አውራ ጣቷን ዘረጋች። ሴቶቹ እልልታውን ጉሮሯቸው ላይ አዘጋጁት።

«አይሆንም» አለች ፋንታዬ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አያ ገብረ ሚካኤል፣ ተቆጥተው እንዳይቀየሙኝ። ማር የሚነከረው እናት ፈቅጃለሁ ካለች በኋላ ነው። ዛሬ ማር ከነከራችሁ ያኔ ፈቅጃለሁ ማለት ነው። ያ ሌባ የሠራውን እናንተ በሽማግሌ ታጸድቁለታላችሁ ማለት ነው። ይህች ሴት እንግዳዬ ናት፤ ልጄን አብልታልኛለች፣ አስተምራልኛለች። አልጋዬን እለቅላታለሁ፤ እግሯንም አጥባታለሁ። ልጄን ግን ያኔ አልሰጠሁም፤ ዛሬም አልሰጥም። ሺ ሽማግሌ ቢቀመጥ አልሰጥም!»

ማንጠግቦሽ የሰዉን ፊት አየች። እልል ሊሉ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን ይዘዋል፤ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ያሳደገቻት እናቷ ጣቷን እንደ ዘረጋች ቀርታለች። የአገኘሁን ክንድ ያዘች።

«ምንድን ነው ያለችው? ምን ሊያደርጉ ነበር?»

አገኘሁ ነገራት። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት «እሺ በይ» ቢላት እንኳ እናትሽ ልጄን አልሰጥም አለች፣ አላት።

ልጅቱ ያን ጊዜ ነው የገባት። እናቷ እሷን ላለመስጠት አገር ሙሉ ስታስቀይም በዐይኗ አየች። ተንሰቅስቃ አለቀሰች። በለቅሶው መካከል የምትለውን አገኘሁ ተረጎመው፦ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ፣ እኔ ምን ብሆን ነው እናቴ የሰጠችኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።» ከእናቷ በጣም ትረዝማለች፤ ጎንበስ ብላ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ፋንታዬም ለስልኩ የነፈገችውን እንባ እዚያ አፈሰሰችው። ያፈረ የለም፤ ገብረ ሚካኤል እንኳ በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ኢኔካ እጇን ሰበሰበች። «ልክ ናት» አለች ለአገኘሁ። «እኔም እናት ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።» ከዚያ ራሷ ደንገጥ ብላ «እናት ነኝ፤ ግን ገብቶኛል» አለች። ፋንታዬ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ሄዳ ጉንጯን ሳመቻት፤ በቀኝም በግራም፣ እንደ አገሩ ደጋግማ። ማሩን ሽማግሌዎቹ በዳቦ በሉት።

ቴዎፍሎስን እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የተከበረ ሰው ሆኖ ይኖራል ይባላል። እግዜር ይቸኩላል እንዴ?

ማንጠግቦሽ የሚቀጥለውን ሰሞን ከእናቷ ጎን ሳትለይ ሰነበተች። ቃል መልቀም ጀመረች፤ ውሃ፣ ነይ፣ እሺ፣ እማ። ከኢኔካ ጋር ተራራውን ለማየት ሲወጡ ፋንታዬ ራሷ ዳማን ጭና መራቻቸው። በመንገድ ላይ ለልጇ አንድ ነገር አስተማረቻት። በዚህ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ነው፤ መልሱም የአባት ስም ነው። በእናት ስም መጠራት ነውር ነው፤ «የሴት ልጅ» ማለት እኮ ስድብ ነው። ስለዚህ «የዝናቡ ልጅ ነኝ» በይ አለቻት፤ ልጅቱም ዳገቱን ሁሉ እያለከለከች ስትለማመደው ወጣች። ለዝናቡ ይገባዋል፤ ደግ አባት ነበር።

ሳንቃ በር ሲደርሱ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አያ ድረስ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ልጅቱን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩአት።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

ማንጠግቦሽ እናቷን አየቻት። ፋንታዬ በዐይኗ «በይ እንጂ» አለቻት።

«የፋንታዬ ልጅ ነኝ» አለች።

«ኧረ አባትሽን ነው የጠየቅሁሽ!»

«የፋንታዬ» አለች፤ ረገጥ አድርጋ።

ድረስ ጭናቸውን መቱ። «ይኸውላችሁ! በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች!» ነጂውም ስካውቱም በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱ ያጠፋች መስሏት ደነገጠች፤ አገኘሁ ሊተረጉምላት አፉን ከፈተ።

ሌላ ቀን ቢሆን ፋንታዬ ለዝናቡ ስም ትከራከርለት ነበር። ያን ቀን ግን የዳማን ልጓም እንደ ያዘች ቀና አለች።

«ፈረስ ነኛ፣ አያ ድረስ!» አለች፤ ገደሉ ማዶ እስኪሰማ። «ልጄ ብላለች እኮ!»